በአንድ ስም ስለተጠሩ ሦስት ሥራዎችና ስለ ወይዘሪት ሰርክአዲስ ክስ

ጥር 1982 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበሩ የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ጓድ አርአያ፣
ለተከበሩ ምክትሎቻቸው፣
ለተከበራችሁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት፤

ጓድ አርአያ፣ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? እኛ የፒያሳ ጡረተኞች እርስዎ በሥራ ብዛት እንዳይጎዱ ስንጸልይ ኖረን፣ ሰሞኑን ደግሞ ሥራው በእርስዎ እንዳይጎዳ መጸለይ ጀምረናል።

በቅድሚያ ለኮምፒዩተር ክፍላችን ስላሳዩት ትኩረት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የክፍሉ ባለሙያ ወይዘሪት ሰርክአዲስ አትክልት ተራ ወዳለው መጋዘናችን የሚገባውን ምርት የሚመዘግብ ፕሮግራም ስትጽፍ፣ ሦስት ሜተዶችን፣ ማለትም ሦስት የሥራ ትእዛዞችን፣ «ተረከብ» በሚል አንድ ስም ጠራቻቸው። አንዱ ድንችን በኪሎ፣ ሌላው ጥቅል ጎመንን በቁጥር፣ የቀረው ብርቱካንን በሣጥን ይረከባል። እርስዎም «ቢሮክራሲያዊ ድግግሞሽ ነው» ብለው የድንቹን ብቻ አስቀርተው ሁለቱን አሰረዙ፤ ኮምፒዩተሩ በዚህ አልሠራም ሲል ደግሞ ልጅቱን በአሻጥር ከሰው ከሥራ አገዷት። ጉዳይዋ ሰኞ ይታያል፤ ከተፈረደባት እንጀራዋ ተቆረጠ ማለት ነው። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የሚከተለውን አመለክታለሁ።

፩. የሦስቱ ስም አንድ ቢሆንም የሚቀበሉት ነገር የተለያየ ስለሆነ አይምታቱም። ፈረንጆቹ ሜተድ ኦቨርሎዲንግ ይሉታል፤ የአትክልት ተራ ሰው ግን ስም ሳያወጣለት ኖሮበታል። እርስዎስ ከደንበኛዎ ከወይዘሮ ከዲጃ ሲገዙ «መርቂልኝ» ይሉ የለም? ሽንኩርት ከያዙ እፍኝ ትጨምራለች፤ ሙዝ ከሆነ አንድ ፍሬ፤ ጥቅል ጎመን ሲሆን ደግሞ «ጋሼ፣ የጎመን ጭንቅላት ቆርሼ ልመርቅዎት እንዴ? በሉ ቃሪያ ይያዙ!» ትላለች። ለእያንዳንዱ አትክልት የተለየ ልመና ይቅረብልኝ ብላ አታውቅም፤ በአሻጥር የከሰሳት ደንበኛም እስከ ዛሬ አልሰማንም።

፪. የትኛው «ተረከብ» እንደሚሠራ የሚወስነው ኮምፓይለር የተባለው የፕሮግራም ተርጓሚ ነው፤ እርሱም የቀረበለትን ነገር ዓይነት አይቶ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይወስናል። የጎመኑን ትእዛዝ ፈልጎ ቢያጣው ጎመንን ድንች ነው ብሎ አላሳለፈም፤ ጉድለቱን ተናግሮ እዚያው ቆመ። ስሕተትን ከሥራ በፊት መናገር በድርጅታችን ያልተለመደ ጠባይ በመሆኑ፣ አሻጥር መስሎ ቢታይዎ አልፈርድብዎትም፤ እኛ የለመድነው ጎመኑ ከበሰበሰ በኋላ ኮሚቴ ማቋቋም ነውና።

፫. የተሰረዙት ይመለሱ፤ ልጅቱም ወደ ሥራዋ ትመለስ።

ይህን ደብዳቤ እስከዚህ አንብበውት ከሆነ ለትዕግሥትዎ ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ለኮሚቴው የሰኞ ስብሰባ መቃናትን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ፣ ጤናና፣ የሚቻል ከሆነ፣ ከመሰረዝ በፊት ጥቂት የመጠየቅን ልማድ እመኛለሁ።

ሁልጊዜም አክባሪዎ የሆንሁ፣
ዘገዬ እንግዳወርቅ
የድርጅቱ የቀድሞ የቦርድ ሰብሳቢ
ዶሮ ማነቂያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለት ትእዛዞችን ካሰረዙ አይቀር ወደ ሦስቱ ምክትሎችዎም ዞር ቢሉ አይከፋም። ስማቸው፣ ማዕረጋቸውና ቢሯቸው ይለያያል፤ ሸቀጥም ይቅረብላቸው አቤቱታም፣ ሦስቱም የሚሠሩት ግን አንዱን ነው፦ «ለበላይ አቅርበናል፤ ነገ ይመለሱ።»