አንድ ባልዲ ባቄላ ለአውቶቡሱ

ለተከበሩ የሕዝብ እንደራሴ ለአቶ ሌሼክ ድሮብኒክ
ዋርሶ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ድምፅ ማጉያዎ ከሩቅ የሚሰማ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከባድ መርዶ ላረዳዎ ተነስቻለሁ፤ በምሥራቋ መንደራችን በሱሆዶዊ ሰዎች ተስማምተዋል። እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡት።

ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ፣ እርስዎ በበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች አዳራሽ ደጃፍ ቋሊማ ሲያስጠብሱልን፣ እኔ ከጀርባ ሁለት ቀይ ባልዲ ደርድሬ ነበር። በአንዱ ላይ «የከተማው አውቶቡስ ይመለስ»፣ በሌላው ላይ «በእግር መሄድ ለጤና ነው» ብዬ ጻፍኩና ላለፈ ላገደመው አንዳንድ ፍሬ ባቄላ አደልኩ። የእርስዎም ደጋፊ፣ የተቀናቃኝዎም ደጋፊ፣ ከምዕራቡ ጠረፍ ለጥየቃ የመጣው የአጎቴ ልጅ ዜኖንም ሳይቀር ባቄላውን ለአውቶቡሱ ሰጠ፤ እነሱም ጋ ቀርቷል አሉ። የጤናው ባልዲ ውስጥ የተገኘችው አንዲት ፍሬ የቄሱ ናት፤ እሳቸው መኪና አላቸው።

ምስጋናዬ ብዙ ነው። አንደኛ፣ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ አውቶቡሱ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ በዓለም ጦርነቱ ጊዜ የማን አያት ለየትኛው ጠላት በር እንደከፈተ ስላስታወሱን፤ ረስተነው አብረን ቋሊማ ልንበላ ነበር። ሁለተኛ፣ ተቀናቃኝዎ ምዕራብ ሄደው ያንኑ ገልብጠው ስለተናገሩ፤ ሥራ መከፋፈል እንዲህ ነው።

ሦስተኛው የአክስቴ የቦዠና ነገር ነው። ከተማ ባለው የወተት ፋብሪካ ትሠራለች፤ አውቶቡሱ ከቀረ ወዲህ በበረዶው በእግሯ እየሄደች ታረፍዳለች፣ አለቃዋም ከእንግዲህ ብታረፍድ እንደሚያሰናብታት ነግሯታል። የምርጫው ዕለት ማንን እንደመረጠች ብጠይቃት እርስዎን አለችኝ። ባቄላሽስ ብላት፣ «ተው እንጂ ቲሜክ፣ ለአውቶቡስ ብዬ የአባቴን ወገን ልካድ?» አለች።

በማግስቱ ቴሌቪዥኑ ካርታውን ሲያሳይ ምሥራቁ በእርስዎ ቀለም፣ ምዕራቡ በተቀናቃኝዎ ቀለም ተቀብቷል፤ ድሮ የባዕድ ነገሥታት አገራችንን የተካፈሉበት መስመር ቁልጭ ብሎ። ሆድ ብቻውን ቢመርጥ ኖሮ እኮ፣ ካርታው ከዳር እስከ ዳር ባቄላ ነበር።

ቋሊማዎን በልቶ ያልጠገበ፣ ሲጠሩት በእግሩ የሚመጣ አክባሪዎ፣
ቲሜክ ከሱሆዶዊ

ተጨማሪ፦ አክስቴ ትናንት ከሥራ ተሰናብታለች። እንግዲህ ከተማ የሚያስሄዳት ነገር ስለሌለ፣ አይቸገሩ። ለካ ነገሩ ያን ያህልም አልነበረም፤ አንድ አውቶቡስ ነው።