ሩሚያን አስከትቢልኝ

ይድረስ ለእህቴ ሱረያ። አላህ ከነቤተሰብሽ በሰላም ያኑርሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

እዚህ ዐረብ አገር፣ አል ቱማማ፣ ሙቀቱ በርትቷል። ማዳም ክሊኒክ ወስዳኝ ነበር፤ ለሌላ የማህፀን ምርመራ ተመለሽ ብለውኛል። ሹግሌን፣ ሥራዬን ማለቴ ነው፣ ግን አላቋረጥኩም።

ልጄ ሩሚያ ስልክ ላይ አጫወተችኝ። ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሲሰጥ፣ "መካን ያደርጋል" ብለሽ አስቀረሻት አሉ። እዚህ ክሊኒክ ያለችውን ሐበሻ ነርስ ጠየቅኳት።

"ውሸት ነው፣ አያመክንም። አንቺም በልጅነትሽ አግኝተሽው ቢሆን..." ብላ ሳትጨርሰው እጄን ያዝ አደረገችኝ።

እህቴ፣ አልቆጣሽም፤ ለእሷው ብለሽ ነው። አሁን ግን ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ሰው ካወራ "እናቷ ናት ያዘዘችው" በይ። እሷም "መርፌ አልፈራም" ብላኛለች።

ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ ከዱዓሽም አታጉድይኝ። እስክመጣ እናቷ አንቺ ነሽ። ብዘገይም አንቺው ነሽ።

እህትሽ ከሪማ