ሲስተርና የመጫወቻ ካርታዎቻቸው

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከቤት እመቤቷ እናታችን በ1946 ዓ.ም. በወንዝ ዳር ባለች አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ናቸው። እኛን ታናናሾቻቸውን አጥበው፣ አበጥረው፣ ሲያስፈልግም ቆንጥጠው ያሳደጉን እሳቸው ስለሆኑ፣ ነርስነቱን የጀመሩት ገና ሳይማሩት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው፣ በ1965 ዓ.ም. ከነርሶች ትምህርት ቤት ተመረቁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ኋላም የገዛ ባለቤታቸው «ሲስተር» እያሉ ነው የሚጠሯቸው። በስማቸው ስንጠራቸው ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዝም የሚሉበት ጊዜ ነበር።

ወደ ቀሪው ታሪክ ከመግባታችን በፊት ግን፣ ሰሞኑን ሊያጽናኑን ከመጡት መካከል አንዳንዶቹ በሹክሹክታ የሚጠያየቁት ነገር አለ። ያን ሁሉ በሽተኛ ውጭ አገር ወስዳ ስታሳክም የኖረች ሴት፣ ራሷ ስትታመም ምነው ልጇ ሳትወስዳት ቀረች? እየተባለ ነው። ይህ ወሬ ሴት ልጃቸው ጆሮ ደርሷል። የሕይወት ታሪካቸው ከወትሮው ረዘም ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። ደክሞናል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ የማስረዳት አቅም የለንም።

ሲስተር ከተመረቁ በኋላ ለረጅም ዓመታት በቀዶ ሕክምና ክፍል አገልግለዋል። በ1972 ዓ.ም. ሰዓት ከሚጠግኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ባለቤታቸው ከቤት እስከ ሱቃቸው ካለው መንገድ ያለፈ መሄድ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ሲስተር ደግሞ በ1983 ዓ.ም. እዚህ ሊታከሙ ያልቻሉ በሽተኞችን ወደ ውጭ አገር ሆስፒታሎች ይዘው እንዲሄዱ ተመደቡ። ፈጣሪ ሰው ሲያጣምር ያውቅበታል እያልን እንስቅ ነበር።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ያስቀናል። ከቅርብ ሲያዩት ግን አውሮፕላን ውስጥ የግሉኮስ ከረጢት ከፍ አድርጎ ይዞ መቀመጥ፣ ቋንቋውን ከማያውቁት ሐኪም ጋር በእጅ በእግር መግባባት፣ ሽንት መለካት፣ ኮሪደር ውስጥ ባለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ማንጎላጀት ነው። ሲስተር ስለዚህ ነገር ቤት ውስጥ ትንፍሽ አይሉም። የሚያወሩት ስለ ካርታ ነበር።

በየሄዱበት አገር፣ የአገሬው ሰው የሚጫወትበትን ካርታ ፈልገው ይገዛሉ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ አይገዙም፤ ያ ለእንግዳ የተሠራ ነው፣ ማንም አይጫወትበትም ይላሉ። የሆስፒታሉን ዘበኛ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ወይም የሌላ በሽተኛ አስታማሚን ያስቆሙና፣ ካርታ እንደሚያድል ሰው ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ይጠይቃሉ። ከዚያ በተጠቆሙት መንገድ ሄደው ሲጋራና ባትሪ ከሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ወይም ከፀጉር አስተካካይ መደርደሪያ ላይ ያገኙታል። አንዱ አርባ ፍሬ ብቻ ሆኖ ዋንጫ፣ ዱላና ጎራዴ የተሳለበት ነው። ሌላው ክብ ነው። ሌላው ደግሞ ከጣት ብዙም የማይሰፋ፣ ቀጭንና ረጅም ነው። አንድ ጊዜ ከዓለም ጫፍ እንዳመጡት በኩራት ያሳዩንን ካርታ፣ ባለቤታቸው በሰዓት መጠገኛ መነጽራቸው አገላብጠው ሲያዩት፣ ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ማተሚያ ቤት የሠራው ሆኖ ተገኘ። ሲስተር ሳምንቱን ሙሉ የቤቱ መሳቂያ ሆነው ሰነበቱ።

ሁሉም ሰው ግን አልሳቀም። ሴት ልጃቸው ስትመረቅ እናቷ አጠገቧ አልነበሩም፤ ያመጡላትም ካርታ ነበር። የሰው እናት ጫማ ታመጣለች፣ የእኔ እናት ካርታ ታመጣለች እያለች ታማርር ነበር። በሽተኛውን አስተኝተው ከተማ ለከተማ ሲዝናኑ የገዙት ይመስላት ነበር። እውነቱን ለመናገር ለሁላችንም እንደዚያው ይመስለን ነበር፤ ሲስተርም አላስተባበሉም።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፉት በእንቅልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በጤናና በሰላም ቤታቸው ከቆዩ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሙ ውጭ አገር ቢሄዱ የሚሞከር ነገር እንዳለ ተናገረ፤ ተስፋው ጠባብ መሆኑንም አልደበቀም። ልጃቸው ወዲያው ከሥራዋ ፈቃድ ወሰደች፣ ሆስፒታል አፈላለገች፣ ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ አወረደች። ሲስተር አልሄድም አሉ። ልጅቷ ለመነች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻም ተቆጣች። «የሰውን እናት ሁሉ ይዘሽ ስትዞሪ ኖረሽ፣ እኔ የራሴን እናት ይዤ ብሄድ ምናለበት?» አለቻቸው።

ሲስተር ካርታዎቹን እንድታመጣላቸው ጠየቁና አልጋው ላይ ዘረጓቸው። ዋንጫና ጎራዴ ያለበት፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ አንድ ሹፌር የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት የተገዛ ነው፤ ድኖ መጥቷል። ክቡ የአንዲት መምህርት ነው፤ መምህርቷ ከማደንዘዣው አልነቃችም። ቀጭኑ፣ ቤቴ አድርሺኝ እያሉ የለመኗቸው የአንድ አዛውንት ነው፤ ሽማግሌው ቤታቸው የደረሱት በሳጥን ሆነው ነው። ሲዝናኑ የተገዛ አንድም አልነበረም። በሽተኛው ገብቶ በሩ ሲዘጋ፣ ሲስተር ኮሪደሩ ላይ መቀመጥ አይችሉም ነበር። ሰውዬው ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ በማይቻልበት ሰዓት፣ ካርታ የት ይሸጣል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ይወጡና ይፈልጋሉ።

ከዚያም ለልጃቸው እንዲህ አሏት፦ «ሞት አይደለም የከበደኝ። አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ብቻሽን ስትቀመጪ፣ ከዚያም ሳጥን ይዘሽ ስትመለሺ ይታየኛል። ደክሞኛል ልጄ፤ ቤቴ ልሁን።» ደክሞኛል የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማነው ያን ቀን ነው። ልጅቷ ሻንጣውን ወደ ቦታው መለሰችው። ይህን ማድረግ ከመሄድ ይልቅ እንደከበዳት አጠገቧ የነበርን እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ልጃቸው ሌት ተቀን አስታመመቻቸው። ባለቤታቸውም ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም አልጋው ላይ ካርታ ይጫወታሉ። የብዙዎቹን አጨዋወት ሲስተርም በቅጡ ስለማያውቁት ሕጉን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ሊሸነፉ ሲሉም ይቀይሩታል። ባለቤታቸው «ሲስተር፣ አሁንስ አበዛሽው» ሲሉ ልጅቷ እየሳቀች ለእናቷ ታደላ ነበር።

ሲስተር ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች፣ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ልትሸኙልን የመጣችሁ ሁሉ፣ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈልልን። ልጃቸውን ቀርባችሁ ስታጽናኑ፣ ለምን አልወሰድሻትም ብላችሁ አትጠይቋት። ልውሰድሽ ብላ ለምናለች፤ እናቷ እምቢ ሲሉም ፈቃዳቸውን ፈጽማለች። የእህታችንን ነፍስ ፈጣሪ ያሳርፍልን፤ ልጃቸውን ደግሞ እናንተ አሳርፉልን።