የአባዬ ደረትና የጠያቂው ብዛት

ሰኞ
አባዬ ደግሞ ተነሡ! ሁለት መዳፋቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ ተክለው፣ በክንዳቸው ገፍተው፣ «ኖር!» ይላሉ። ጠያቂው «በእግዜር! ኧረ አይነሡ!» እያለ ይሮጣል፤ እሳቸው ግን ቆመዋል። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ሲያሰናብተን አጥብቆ የከለከለን ይህንኑ ነበር። ልባቸውን ለመጠገን የደረታቸው አጥንት ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፤ እስኪገጥም ድረስ በእጃቸው ተደግፈው መነሣት የለባቸውም። የእኛ የደሃና አገር ሰው ደግሞ እንግዳ ሲገባ ቁጭ ብሎ አይቀበልም። ደሃና የቀረ ዘመድም ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም ሰቆጣ መጥቶ እኔ ቤት ነው።

ማክሰኞ
ሲያስሉ ደረታቸውን እንዲደግፍ ትራስ አስታቀፍኳቸው። ከደረታቸው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወይስ ፈርቼ ነው?
ብጠይቃቸው «በሩ ነው» አሉኝ። በሩ ክፍት ነበር።

ረቡዕ
ፋሻው ረጥቧል። ቢጫ፣ ውሃ መሳይ ነገር። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር መጥታ አጠበችው። አጥንቱ ከተላቀቀ እዚህ የምናደርግላቸው የለም፣ አዲስ አበባ መመለስ ነው አለች። በዚያ መንገድ! ስንመጣ እንኳ በየጉድጓዱ ደረታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ነበር። ቴሌ ተሰልፌ ለሐኪሙ ደወልኩ፤ አያነሣም።
ይሞቱብኛል። ጻፍኩት እንግዲህ።
ከነገ ጀምሮ በሩን ዘግቼ «ተኝተዋል» እላለሁ።

ሐሙስ
አልሆነም። እኔ ደጅ ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ስከራከር ድምፃችንን ሰምተው ተነሥተው መጡ።
«በሽተኛ ጠያቂ የምትመልሽ፣ የማን ልጅ ነሽ?»
ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። አጥንትዎ ይከፈታል፣ ይሞታሉ አልኳቸው።
«ሰው ገብቶ ቁጭ ካልሁማ ሞቻለሁ» አሉ።
ጓሮ ሆኜ ሳለቅስ ጎረቤቴ ዘሐራ፣ ባለሱቋ፣ በአጥሩ ብቅ አለች። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እናንተ ዘንድ ቄስ ይገዝት የለ?» አለችኝ። እኔ ክርስቲያኗ ያላሰብኩትን እሷ እስላሟ አሰበችልኝ።

አርብ
የንስሐ አባታቸው መምሬ አበራ መጡ። አስቀድሜ ሄጄ ሁሉን ነግሬያቸዋለሁ። ገና ደጃፉን ሳያልፉ «አትነሣ! ገዝቼሃለሁ!» አሉ።
የአባዬ መዳፍ አልጋው ጠርዝ ላይ ነበር። እዚያው ደርቆ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አሳረፉት።
«አጥንትህ እስኪገጥም ለማንም እንዳትነሣ። ለእኔም፣ ለጳጳስም።»
መስቀሉን ተቀምጠው ተሳለሙ። እናቴ ስትቀበር ያላየሁት እንባ ጺማቸው ላይ ወረደ። አንጀቴን በላኝ፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ
ጠያቂው ሲጎርፍ ዋለ። አባዬ ለእያንዳንዱ «ግዝት አለብኝ፣ ይቅር በሉኝ» ይላሉ። ማንም አልተቀየመም።
ከሰዓት ሲስተሯ ፋሻውን ፈታች። ደረቅ ነው። ድነዋል ግን አላለችም፤ ጥቂት ቀን እንየው ብላ ሄደች። ፍርሃቴን እንዳያዩብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ። አባዬ አዩኝ።
«ነይ እስቲ፣ እዚህ ቁጭ በይ።»
ቁጭ አልኩ።
«እኔም እኮ ፈርቼ ነው የምነሣው፣ ልጄ። ተኝቼ ካዩኝ አብቅቶለታል የሚሉ ይመስለኛል።»
እጃቸውን ያዝኩ። ይሞቃል።