አየሩ እስኪበርድ

ሰኞ
ዛሬም የመብራት መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ሁለቴም ኮረብታው ላይ ወጥቼ ማብሪያውን በእጄ መለስኩት። የሸዋ ሮቢት የስምንት ሰዓት ፀሐይ፣ ከባድ ጫማ፣ የራስ ቁር። ስወርድ የመስኖ ፓምፑ ኃላፊ ጋሼ ሰይድ ቦዩ ዳር ይጠብቁኛል። «ልጄ፣ ሽንኩርቱ ጠውልጓል። እስከ ጁምዓ ውሃ ካላገኘ አለቀለት» አሉኝ።

ማክሰኞ
በዓይኔ አየሁት። ነፋሱ ሁለቱን ሽቦዎች አቀራረባቸውና በመሃላቸው ሰማያዊ እሳት ዘለለ። ማብሪያው ራሱ ኃይሉን ቆረጠ፤ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይቆይ ራሱ መለሰ። ሽቦዎቹ መራራቅ ጀምረው ነበር፤ እሳቱ ግን እዚያው ተነሣ። ለሁለተኛ ጊዜ ከቆረጠ ደግሞ ያለ ሰው እጅ አይመለስም።
ለካ ጥፋተኛው የጋለው አየር ነው! እሳት ያለፈበት አየር እስኪበርድ ድረስ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። እኛ ፋታ አልሰጠነውም።

ረቡዕ
ደብረ ብርሃን ላሉት አለቃዬ ለአቶ ተፈራ ደወልኩ። «ሽቦውን የሚይዘው የምሰሶው ሸክላ ተሰንጥቆ ይሆናል» አሉ። ሁሉንም አይቻለሁ፣ አንድም የተሰነጠቀ የለም። ማብሪያው ቆርጦ እስኪመልስ ያለው ፋታ ሦስት ሰከንድ ይሁን አልኩ። እሳቸውም፣ «እሺ። ከተበላሸ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»
«ይሁን» አልኩ።
ለጋሼ ሰይድ ስነግራቸው ከአለቃዬ ይልቅ ቶሎ ገባቸው። «ብየዳ ቤት አይቻለሁ። በያጁ ዘንጉን አንስቶ ቶሎ ከመለሰው እሳቱ ወዲያው ይቀጥላል። ከቆየ ግን እንደ አዲስ መጫር አለበት።» እኔ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩትን!

ሐሙስ
ጠዋት ፋታውን አስተካከልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ መጣ፣ መብራቱ ጠፋ። ጋሼ ሰይድ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ «ሦስት» ሲሉ የፓምፕ ቤቱ አምፖል በራ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሞተሩን አስነሡት። ውሃው ቦዩን ሞልቶ ሲወርድ ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። እሳቸው ሳቁብኝ።
አመሻሽ ላይም አንዴ ጠፍቶ ራሱ ተመለሰ።

ዓርብ
ኮረብታው ላይ አልወጣሁም። ሽንኩርቱ ግማሹ ቀና ብሏል፤ የዳሩ ግን ገና ያሳስባል። ላላ ያሉት ሽቦዎችም መወጠር አለባቸው፤ ጥያቄውን ጽፌ ልኬያለሁ።
አቶ ተፈራ ደወሉ። «ዛሬ ስንት ጊዜ ወጣሽ?»
«አንድም ጊዜ።»
«በአጣዬ በኩል ያለው መስመርም እንዲሁ እያስቸገረ ነው። ሰኞ ሄደሽ እይው» አሉኝ። የዚያኛው ችግር ይኼው ይሁን ሌላ አላውቅም። ቢሆንም እሺ ያልኩት ሳላስጨርሳቸው ነው።