ዋንጫው ከበር ውጭ ሲወጣ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽስ ደህና ነው? በዚያ በሩቁ ከተማ ሥራ ተመቻችሁ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷ ከሚያስቸግራት በቀር ምንም አትል። እኔ ደግሞ ጽሑፌ የተንጋደደው ደስታ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው፤ እየታገሥሽ አንብቢው።

አዎ፣ ተዳርኩ! ያንን ከምሰፋበት ክፍል ፊት ለፊት የሚሠራውን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚርገፈገፈውን አናጺ ነው ያገባሁት። የተጣደፍኩት ግን እሱን ልነግርሽ አይደለም፤ አባባን ነው።

የሰዎቻችንን ሥርዓት መቼም አልረሳሽውም። ሙሽሮቹ ከጠጡበት ዋንጫ ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ይጎነጫል፤ ያልቀመሰ ዘመድ አይባልም። ሸክላ ሠሪዎች ግን ከበር ውጭ ይቆማሉ፤ ውሃ እንኳ የሚሰጣቸው በእፍኛቸው ነው። ዋንጫውን የሠሩት እነሱ መሆናቸው ማንንም አያሳፍርም። አንቺ የሸክላ ሠሪ ልጅ አግብተሽ የሄድሽ ዕለት አባባ ስምሽ በዚህ ቤት እንዳይነሳ አሉ። እማዬም ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንጎራጎሯን ተወች።

የሠርጉ ዕለት አማትሽ መጡ። በእጃቸው የሠሩልኝን ማሰሮ ታቅፈው እንደ ልማዱ ከበሩ ውጭ ቆሙ። አየኋቸው፤ ግን ሙሽራ ነኝ፣ ተነስቼ ምን ላድርግ? ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አባባ ጋ ደረሰ። ተጎነጩና ለቀጣዩ ሰው ሳይሰጡ ይዘውት ብድግ አሉ። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ቆመ። ግቢውን አቋርጠው ወጡና ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ለአማትሽ ዘረጉላቸው።

ያ "አቶ ሥርዓት" እያልን የምንስቅበት ጎረቤታችን ዘሎ ተነሳ። አባቶቻችን ያቆዩትን ልታፈርስ ነው ወይ ብሎ አፈጠጠባቸው። አባባ ዘወር እንኳ አላሉም።

"ያቆዩት አባቶች ናቸው። ዛሬ በዚህ ቤት አባቱ እኔ ነኝ" አሉ።

አማትሽ ፈሩ። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ደጋግመው ጠረጉ፤ በመጨረሻ ተቀብለው ጠጡ። አባባም መልሰው ተቀበሉና አማትሽ በጠጡበት በኩል ደገሙት። እህቴ፣ እዚያ በነበርሽ! እማዬ ጉልበቷን ረስታ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔማ ኩሌ በእንባ ታጥቦ አገጬ ድረስ ወረደ፤ ባሌ ከሰል ነጋዴ ነው እንዴ ያገባሁት እያለ በመሐረቡ ይጠርግልኛል። ግማሹ እንግዳ ተቆጥቶ ወጣ። አቶ ሥርዓትም ወጥቶ ነበር፤ ምግብ ሲቀርብ ግን ተመልሶ ጥግ ይዞ አየሁት።

አማትሽ አባባ አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። አንዴ ብቻ አማትሽ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው የሆነ ነገር ሲነግሯቸው፣ አባባ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆዩ።

በማግስቱ ጠዋት ባሌ ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ አባባ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኛቸው። ወንበር እንዲሠራላቸው ፈልገው ነው። ቁመቱን ሲጠይቃቸው እጃቸውን ከጉልበታቸው ዝቅ አድርገው አሳዩት። ጠርዙ ሹል እንዳይሆን፣ እንጨቱም በደንብ እንዲለሰልስ አደራ አሉት። ለማን ነው ቢላቸው "ለባለቤቱ" ብለውት ሄዱ።

ወንበሩ አልቆ አንቺ ትተኚበት በነበረው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። እማዬ እያንጎራጎረች ትወለውለዋለች። አባባም ትናንት ራት ላይ ስምሽን ጠርተው መንገዱ እንዴት ነው አሉኝ።

እኔ ምንም አልጠይቅሽም። ፈጣሪ ጤናውን ያብዛላችሁ፣ ጎጇችሁን ያሙቅላችሁ፣ በደህና ለመተያየት ያብቃን። ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሰላምታ መቀበል የማይችል ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ካለም፣ ጉንጩን ሳሚልኝ።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ