አውሮፕላኔ የንስር ማጥመጃ አይደለችም

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድሜ አብዱልሃኪም፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ወገብዎን ተሻለዎት? ያ የጅዳ ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? ባለቤትዎ ሙስሊማና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እህትዎ ካውሰር ከናፍቆትዎ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቦንጋን ዝናቡ ገና አልለቀቃትም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ጋሽ ጉግሳን ይቅርታ ጠይቂ፤ ያቺን መጫወቻም ሽጫት» ብለዋል። እርስዎ የአባቴ ምትክ ነዎት፤ ከቃልዎ ወጥቼ አላውቅም። ይህን ግን አላደርገውም። የሰሙት ግማሹን ነውና ሙሉውን እኔው ልንገርዎ።

አምና ጫካችንን ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ፣ በሬዲዮ የምትታዘዝ፣ ሞተር የሌላት ትንሽ አውሮፕላን ነበረችው። ንስር አየር ላይ ይዞ ክንፏን ቦጨቀባት። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ስብርባሪውን «ከፈለግሽ ውሰጂው» ብሎኝ ሄደ። አባባ ያስተማሩኝ የሬዲዮ ጥገና አልከዳኝም። የተበጠሰውን ሽቦ በየድኩ፣ ክንፏን በቀርከሃና በስስ ላስቲክ ሠራሁላት። ከኮረብታው ጫፍ ነፋሱ ላይ ስወረውራት፣ ሄደች! ያን ቀን ቢያዩኝ፣ አርባ ዓመቴን ረስቼ እልል ብያለሁ።

ንስሩ ግን እኔንም አልተወኝም። ከኮረብታው ሥር ትልቅ ዛፍ ላይ ጎጆ አለው፤ በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ይወረወርባታል። ሁለት ጊዜ ጭራዋን ቀደደው፤ ሁለት ጊዜ ጠገንኩት።

ይህን፣ ሬዲዮ የምጠግንበት የሱቃችን አከራይ ጋሽ ጉግሳ አዩ። «ዶሮዎቼን የጨረሰው ይሄ ነው። አንቺ በአውሮፕላንሽ አባብለሽ አውርጂልኝ፣ እኔ በጠመንጃ እጥለዋለሁ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጫጩት የሚለቅመው ጭልፊት ነው። ንስሩ የሚበላው ጦጣ ነው፤ እንዲያውም በቆሎዎን የሚጠብቅልዎት እሱ ነው። እኔ አላደርገውም» ብላቸው ሳቁብኝ። ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከወር በፊት አንድ ቅዳሜ አውሮፕላኗን አስነሳኋት። ንስሩ ከላይ ሲወርድባት፣ ከቁጥቋጦው መሃል የጠመንጃ አፈሙዝ አየሁ። ጋሽ ጉግሳ ሳይነግሩኝ አድፍጠው ኖሯል! ለመጮህ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። አውሮፕላኗን በአፍንጫዋ ቁልቁል ሰደድኳትና መሬት ላይ ተከሰከሰች። ንስሩ የሚይዘው ሲያጣ ታጥፎ ጫካ ገባ፤ ጥይቱም ባዶ ሰማይ መታ።

«ለአሞራ ብለሽ እኔን አዋረድሽኝ! ሱቄን ልቀቂ!» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ለቀቅሁ። እትዬ ሠናይት ልብስ የሚሰፉበት በረንዳ ላይ ጠረጴዛዬን ዘረጋሁ። «ከጎኔ ተቀመጪ፣ ማን ይነካሻል!» አሉኝ። ከሺሺንዳ ድረስ ሬዲዮ ተሸክሞ የሚመጣ ደንበኛዬም አልቀረም። ሰሞኑን ጋሽ ጉግሳ «ይቅርታ ትጠይቅና ትመለስ» ብለው ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌዎቹን አክብሬ አስተናገድኩና «የሰበርኩት የራሴን ንብረት ነው፤ ለዚህ ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?» ብዬ ሸኘኋቸው።

ትናንት አውሮፕላኗን ጠግኜ ጨረስኳትና ከጎጆው ራቅ ካለ ተረተር ላይ አስነሳኋት። ንስሩ መጣ። እሱ ግን አልነካትም፤ ክንፉን ሳያርገበግብ ከፊቷ ሽቅብ ይዞር ጀመር። ነፋሱ የሚያነሣበትን ቦታ እሱ ያውቀዋልና እኔም ተከትዬ አዞርኳት። ነጥብ እስኪያህሉ ድረስ አብረው ወጡ። ታች መንገዱ ላይ ሰው ቆሞ ያያል፤ ጋሽ ጉግሳም እዚያው መካከል ነበሩ። አንገቴን አልደፋሁም። ወንድም ጋሼ፣ ቢቆጡኝም እቀበላለሁ፤ እሷን ግን አልሸጣትም፣ ይቅርታም አልጠይቅም።

ለሙስሊማ፣ ያ የላከችልኝ ሻሽ በጣም አምሮብኛል ይበሏት። ካሚል በትምህርቱ ይበርታ፤ ትንሿን ሐያትን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። እትዬ ሠናይትም ሰላም ብለውዎታል። አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትዎ ካውሰር
ቦንጋ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1997 ዓ.ም.